ቤተሰብ በ650 ቃል

ለአሜሪካ ኮሌጅ የሚያመለክት ተማሪ ፎርሙን በአንድ ምሽት ሞልቶ ሊጨርሰው ይችላል። ሳምንታት የሚያስቀምጠው ድርሰቱ ነው። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት ኮመን አፕ የተባለው የጋራ ማመልከቻ በየዓመቱ ኦገስት 1 ቀን ሲከፈት ሰባት ጥያቄዎች ያቀርባል፤ ተማሪው አንዱን መርጦ ከ250 በማያንስ፣ ከ650 በማይበልጥ ቃል ይመልሳል። የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ያለ እርሱ ማመልከቻዬ ጎዶሎ ይሆናል የምትሉት አስተዳደግ፣ ማንነት፣ ዝንባሌ ወይም ተሰጥኦ ካላችሁ ንገሩን የሚል ነው። የእኛ ልጆች፣ አሜሪካ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግም ይኑሩ አዲስ አበባ፣ ይህን ሲያዩ ሐሳባቸው ቶሎ ወደ እናት፣ ወደ አባት፣ ወደ አያት ይሄዳል።

ቢሄድም አይገርምም። ያለፉት 50 ገደማ ዓመታት ሳይነኩት ያለፉት የኢትዮጵያ ቤት ጥቂት ነው። አብዮቱ፣ ቀይ ሽብር፣ የ77 ድርቅ፣ በሱዳን በኩል በእግር የተወጣበት ስደት፣ የ83ቱ ለውጥ፣ ዲቪ፣ አረብ አገር የሄደች አክስት። ችግሩ የሚመጣው ከታሪኩ ብዛት ነው። ልጁ 600 ቃል ለአያቱ ይሰጥና በመጨረሻዎቹ 50 ቃላት «እኔም ከእሳቸው ጽናትን ተማርኩ» ብሎ ይዘጋል። የቅበላ ባለሙያው አንብቦ ሲጨርስ አያትየውን ሊቀበላቸው ይፈልጋል። ያመለከቱት ግን እሳቸው አይደሉም።

ስለዚህ ከዚህ በታች የምትሠሩት ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይመለሳል፦ ይህ ታሪክ እናንተን ምን አስደረጋችሁ?

ጥያቄው ለጽሑፍ ውበት ሲባል ብቻ የሚነሳ አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2023 በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ጉዳይ ዘርን ለቅበላ መመዘኛ አድርጎ መጠቀምን ሲከለክል፣ ዋና ዳኛው ጆን ሮበርትስ በውሳኔው መጨረሻ አካባቢ አንድ በር ክፍት ትተዋል። አመልካቹ ዘሩ በሕይወቱ ላይ ያመጣውን ነገር ቢጽፍ ኮሌጁ ሊያየው ይችላል፤ የሚመዘነው ግን ከዚያ የተነሳ ያ ተማሪ ራሱ ያሳየው ድፍረት፣ ቁርጠኝነት ወይም ችሎታ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ኮሌጆች ያደጋችሁበትን ቤትና አካባቢ የሚጠይቁ አጫጭር ተጨማሪ ጥያቄዎች አምጥተዋል። «ኢትዮጵያዊ ነኝ» ማለት ብቻውን ምንም አይመልስም።

መጀመሪያ ጠይቁ

ኮምፒውተር ከመክፈታችሁ በፊት ቤተሰቡን አናግሩ። በክረምቱ (በአሜሪካ ሰመር) ዕረፍት ጀምሩ፤ ብዙ ኮሌጆች ቀድሞ ለሚያመለክት የሚያስቀምጡት ቀን ኖቬምበር 1 ነው፣ መደበኛው ደግሞ ጃንዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ይውላል። ወላጅ ደግሞ በአንድ ቀን አያወራም።

እንዴት እንደምትጠይቁ ከምትጠይቁት ነገር እኩል ዋጋ አለው። እናትን ሶፋ ላይ አስቀምጦ፣ ስልክ ደቅኖ፣ «እማዬ፣ የስደት ታሪክሽን ንገሪኝ» ቢሏት «ያለፈ ነገር ምን ያደርግልሃል? ይልቅ ትምህርትህን አጥና» ትላለች። ፊት ለፊት ተቀምጦ መጠየቅ ምርመራ ይመስላል፤ ምርመራን በክፉ የሚያስታውሱ ወላጆች ደግሞ ብዙ ናቸው። መኪና ውስጥ፣ ሽንኩርት እየተከተፈ፣ ልብስ እየታጠፈ ጠይቁ። እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል።

ጥያቄውም ትንሽና የሚጨበጥ ይሁን። «እማዬ፣ ደለስ አየር ማረፊያ ስትገቢ ሻንጣሽ ውስጥ ምን ነበር?» «አባዬ፣ እዚህ የመጀመሪያ ደመወዝህን ምን አደረግክበት?» «አያቴ፣ እርስዎ ትምህርት ያቋረጡት ስንተኛ ክፍል ላይ ነው? ለማቋረጥስ ማን ወሰነ?» «እዚህ ፎቶ ላይ ከጎንሽ የቆመው ማን ነው?» ከትልቅ ጥያቄ የሚገኘው «ብዙ መከራ አየን» ነው፤ ከትንሽ ጥያቄ ሻንጣ፣ ጫማ፣ የሰው ፊት ይገኛል። በድርሰቱ ውስጥ የሚኖረው ይህ ሁለተኛው ነው።

ዕቃም አስወጡ። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ያለበት አሮጌ ፎቶግራፍ፣ የቀበሌ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ በስደተኛነት የመጡ ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው የገቡበት የዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) የፕላስቲክ ከረጢት። ብዙ ቤት ይህ ሁሉ በአንድ ቦርሳ ተጠቅልሎ ቁምሳጥን ላይ ይቀመጣል። ቦርሳው ወርዶ ሲከፈት ወሬው ራሱ ይመጣል።

የዓመተ ምሕረቱን ነገር ደግሞ አደራ። ወላጆቻችሁ «በ69» ሲሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው። እንዳለ ወደ እንግሊዝኛው ድርሰት ከገባ አንባቢው ቀይ ሽብርን ንጉሡ ገና ዙፋን ላይ ባሉበት ዘመን ያገኘዋል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ላለው ጊዜ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ላለው 8 ደምሩ። ወሩ የማይታወቅ ከሆነ ዓመቱን ትታችሁ «እናቴ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች» በሉ፤ እንዲያውም የተሻለ ዓረፍተ ነገር ነው።

እናት «ይህን አትጻፍ» ካለች አትጻፉ። ክርክር የለውም። የታሰረ፣ የጠፋ ወይም የተገደለ ሰው ያለበት ታሪክ የእናንተ ብቻ አይደለም፤ ሌላ አገር ያሉ ዘመዶችንም ሊነካ ይችላል። የአሳይለም ወይም ሌላ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ገና ያላለቀለት ቤተሰብ ልጅ ከሆናችሁ ደግሞ መንገዱን፣ ቀኑን፣ ሰነዱን የሚመለከት ነገር ከጠበቃው ጋር ሳትነጋገሩ ድርሰት ውስጥ አታስገቡ። ብዙ ስደተኞች በወረቀት ላይ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ነው፤ ነገሩ ለጨዋታ ይጥም ይሆናል፣ ግን ወረቀቱ ያለው ሌላ፣ እውነቱ ሌላ የሚል ታሪክ ለማያውቁት ሰው የሚላክ አይደለም።

ወላጅ አልናገርም ቢልስ? ያኔም ባዶ እጃችሁን አይደላችሁም። የምታዩት ልማድ አለ። ፓስፖርቶቹን ሁሉ በሩ አጠገብ ባለ ቦርሳ ውስጥ የምታስቀምጥ እናት፣ ፍሪጁ ሞልቶም ዳቦ የሚገዛ አባት፣ ፖሊስ ሲያይ ድምፁን የሚቀንስ አጎት። ምክንያቱን ባታውቁም ልማዱ እናንተን እንዴት እንዳሳደጋችሁ ታውቃላችሁ፤ ድርሰቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

አንዱን ክር ምረጡ

ከሰበሰባችሁት ውስጥ ትልቁን ታሪክ መምረጥ ግዴታ አይደለም። እናንተ ዛሬ ከምታደርጉት ነገር ጋር የሚገናኘውን ምረጡ። ለመፈተን አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፦ «ቤተሰቤ እንዲህ ስለሆነ፣ እኔ እንዲህ አደርጋለሁ።» ሁለተኛው ክፍል ጎረቤት በዓይኑ ሊያየው የሚችል ተግባር ይሁን። «ጠንካራ ሆንኩ» አይታይም። «ጠንክሬ እማራለሁ» ደግሞ የቅበላ ባለሙያው በዚያው ጠዋት ከስደተኛ ልጆች ደጋግሞ ያነበበው ነው፤ እውነት ቢሆንም የማንም ሊሆን ይችላል።

አንዲት ተማሪ እናስብ። አያቷ አዲስ አበባ ውስጥ የሚያከራዩዋቸው ቤቶች ነበሯቸው፤ ደርግ በሐምሌ 1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወርስ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ተወሰዱ። አያትየው ዛሬ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ደረሰኝ አይጥሉም። የወተት ደረሰኝ ሳይቀር በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያስቀምጣሉ።

ይህ ታሪክ ብዙ ድርሰት ይወጣዋል፤ አብዛኛው ግን መጥፎ ይሆናል። ስለ ደርግ የሚተርክ ድርሰት የታሪክ ትምህርት ነው። ስለ አያትየው ትዕግሥት የሚተርክ ድርሰት የልደት ንግግር ነው። ልጅቷ የራሷን ታገኝ ዘንድ ራሷን መጠየቅ አለባት፦ የደረሰኙ ነገር እኔ ላይ የት ይታያል? ትንሽ ስታስብ ይመጣላታል። የእናቷ የእሑድ እቁብ ጸሐፊ እሷ ናት። ማን እንደከፈለ፣ ማን እንደቀረ፣ ዕጣው ለማን እንደደረሰ የምትመዘግበው እሷ፣ ዳኛዋ ሲታመሙ ገንዘቡን የምትቆጥረው እሷ። ሥራውን ስትረከብ መጀመሪያ ያደረገችው ለከፈለ ሁሉ ደረሰኝ መስጠት ነው። ሴቶቹ ሳቁባት፤ «እኛ እኮ የምንተዋወቅ ሰዎች ነን» አሏት። አያቷ ብቻ አልሳቁም።

አሁን ድርሰቱ ተገኘ። ደስ የሚለው ነገር ደግሞ ልጅቷ ከሁለት ወገን መካከል መቆሟ ነው። አያቷ ወረቀት የሌለውን ነገር አያምኑም፤ እቁቡ ደግሞ ያለ አንድ የተፈረመ ውል በመተማመን ብቻ ይዞራል። ሰዎች ሳይፈራረሙ ለምን ይከፍላሉ? ዕጣው የደረሰው ሰው ለምን አይጠፋም? ይህ ጥያቄ ወደ ኢኮኖሚክስ ክፍል የሚወስድ ጥያቄ ነው፤ የመጣው ግን ከብስኩት ቆርቆሮ ነው። ኮሌጁ የሚፈልገውም እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዛ ወደ ክፍል የምትገባ ተማሪ ነው።

የቤተሰብ ተጽዕኖ ማለት መመሳሰል ብቻ እንዳልሆነም ልብ በሉ። ልጅቷ ደረሰኙን ከአያቷ ወሰደች፣ ጥርጣሬያቸውን ግን ሙሉ በሙሉ አልወረሰችም። ከወላጅ ጋር የማይስማሙበትን ነገር መጻፍ እኛ ዘንድ ነውር ይመስላል፤ ወላጅን ሳያዋርዱ መጻፍ ግን ይቻላል፣ ብዙ ጊዜ የድርሰቱ ሕያው ቦታም እዚያ ነው። አባቱ መሐንዲስ እንዲሆን የሚፈልጉት ልጅ ለምን እንደሚፈልጉ ከገባውና ግን ሌላ መንገድ ከመረጠ፣ ይህንኑ በአክብሮት ይጻፈው።

ስትጽፉ

ለቤተሰቡ ታሪክ ከ650ው ውስጥ 150 ቃል ገደማ ስጡት፤ 200 ከደረሰ ስጉ። የቀረው ሁሉ የእናንተ ነው። ታሪኩን በአንድ ቦታ ከምሩት አልልም፤ ከእናንተ ተግባር መሐል ብቅ ጥልቅ ቢል ይሻላል። ከአያት ልደት መጀመር አያስፈልግም። የእቁቧ ልጅ፣ «እሑድ ከሰዓት 14 ሴቶች ገንዘባቸውን ለእኔ ይሰጣሉ። ደረሰኝ የሚጠይቁኝ አያቴ ብቻ ናቸው» ብላ ብትጀምር በሁለት ዓረፍተ ነገር ራሷንም አያቷንም አስገብታለች፤ የ1967ቱ አዋጅ በሦስተኛው አንቀጽ ይደርሳል።

ለማያውቅ አንባቢ ምን ያህል ማብራራት ያስፈልጋል? ከምታስቡት በታች። «ወታደራዊው መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 የሚከራዩ ቤቶችን ሲወርስ» ማለት ይበቃል፤ ደርግ ማን እንደነበር፣ ስንት ዓመት እንደገዛ አይጠየቅም። እቁብንም በፍቺ አታድክሙት፤ ሴቶቹ ሲያዋጡ፣ ዕጣው ሲወጣ፣ አንዷ ሁሉንም ይዛ ስትሄድ ካሳያችሁ ተገልጿል።

እነዚህን ደግሞ በሙሉ ልብ ተዉአቸው፦ ዓድዋ፣ የሦስት ሺህ ዘመን ታሪክ፣ በቅኝ አለመገዛት፣ 13 ወር ፀሐይ። የሚያኮሩ ናቸው፤ ስለ እናንተ ግን የሚናገሩት ነገር የለም። በተረት የሚጀምር ድርሰትም እንዲሁ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሆነ የአሜሪካ ኮሌጆች እስካሁን በደንብ የሰሙ ይመስለኛል። የቡና ሥነ ሥርዓትና ትምህርት ቤት ተይዞ የተሄደ እንጀራም ያለ በቂ ምክንያት ባይገቡ እመርጣለሁ። ምክንያት ካላችሁ፣ ለምሳሌ ጀበናው ሸክላ ሠሪ አድርጓችሁ ከሆነ፣ አስገቡት።

አገር ቤት ሆናችሁ የምታመለክቱ ተማሪዎች አንድ ፈተና ይገጥማችኋል፤ ድህነትን መሸጥ። ፈረንጅ የሚያዝንበትን ታሪክ ፈልጎ ማጋነን። የገንዘቡን ችግር የሚያሳየው የገንዘብ ድጋፍ ፎርሙ ነው፤ ድርሰቱ ሰውዬውን ያሳይ። አባታችሁ የግብርና ባለሙያ ሆነው ገበሬውን በመስመር እንዲዘራ ለማሳመን ዓመት ሙሉ ሲለፉ አይታችሁ፣ እናንተም በክፍላችሁ አንድ ነገር ለማስለመድ ስትሞክሩ ያው ፈተና ከገጠማችሁ፣ ከየትኛውም ልቅሶ የሚበልጥ ድርሰት ይዛችኋል።

ስለ እንግሊዝኛው ብዙ አትጨነቁ። ከመዝገበ ቃላት የተለቀመ ትልቅ ቃል ወዲያው ያስታውቃል። ታሪኩን መጀመሪያ በአማርኛ ለአንድ ጓደኛ በስልክ ተናገሩትና ቅዱት፤ የተቀዳውን አትተርጉሙት፣ አዳምጣችሁ በምታውቁት ተራ እንግሊዝኛ እንደገና ንገሩት። ሃይስኩል የተማራችሁትን መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ የሚለውን ቅርጽም እዚህ እርሱት። የመጨረሻው አንቀጽ ያለፈውን ከደገመ 80 ቃል ባከነ።

አዲስ አበባ ውስጥ በክፍያ ድርሰት እንጽፋለን የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሟችሁ እለፏቸው፤ ተመሳሳዩን ድርሰት ለስንት ልጅ እንደሸጡት አታውቁም። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ቢሆን፣ የድርሰቱን ዋና ይዘት በእርሱ አስጽፎ የራስ አስመስሎ ማቅረብን ኮመን አፕ በማጭበርበር ደንቡ ውስጥ አካትቶታል። ደንቡ ባይኖርም የአያታችሁን ቆርቆሮ አያውቀውም።

ቆርጦ ማስተካከል

የመጀመሪያው ረቂቅ 1,000 ቃል ቢሆን ጤነኛ ነው። ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚሄደው እናንተ የሌላችሁበት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቀጥሎ ስሜትን የሚናገር ዓረፍተ ነገር። «በጣም ኮራሁ» የሚለው ወጥቶ ያኮራችሁ ድርጊት ከቀረ አንባቢው ራሱ ይኮራል።

ሁለት አንባቢ ይበቃል። አንዱ ታሪኩን የሚያውቅ፣ ማለትም ወላጅ። በእንግሊዝኛ ካልሆነላቸው በአማርኛ ንገሯቸው፤ ስህተቱን ያርማሉ፣ የማይወዱት ነገር ካለም ከመላኩ በፊት ይታወቃል። ሁለተኛው ቤተሰባችሁን ጨርሶ የማያውቅ፣ አስተማሪ ወይም ካውንስለር። እሱን አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ስለ እኔ ምን አወቅክ?» ስለ አያታችሁ ማውራት ከጀመረ ወደ መቀሱ ተመለሱ። ከሁለት በላይ አንባቢ ግን አልመክርም፤ አምስት ሰው ያረመው ድርሰት የማንም ድምፅ የለውም።

ድርሰቱ ሁሉንም እንዲሸከም አትጠብቁ። ታናናሾችን ከትምህርት ቤት ማምጣት፣ ለአያት ሆስፒታል ማስተርጐም፣ የቤት ሒሳብ መክፈል በኮመን አፕ የእንቅስቃሴ ዝርዝር ውስጥ የቤተሰብ ኃላፊነት ተብሎ ራሱን የቻለ ምድብ አለው። ዝርዝሩ አሥር ቦታ አለው። ልጆቻችን የክለብ አባልነት ለቅመው ሞልተው ይህን ይተዉታል፤ «ይሄማ የቤት ሥራ ነው» ብለው። በሳምንት 15 ሰዓት የሚወስድ ከሆነ ሰዓቱን ጽፋችሁ አስገቡት። በስደት ወይም በጦርነት ምክንያት የተቋረጠ ትምህርት ካለ ደግሞ ለተጨማሪ መረጃ የተተወ ሳጥን አለ፤ እዚያ በሦስት ደረቅ ዓረፍተ ነገር አስረዱ፣ ድርሰቱን በማብራሪያ አታጣቡት።

በዩኒቨርሲቲ ኦፍ ካሊፎርኒያ (ዩሲ) ሥር ያሉት ካምፓሶች የራሳቸው ማመልከቻ ስላላቸው 650 ቃሉን እዚያ መለጠፍ አይቻልም። ስምንት ጥያቄ ሰጥተው አራት ያስመርጣሉ፤ እያንዳንዱ መልስ ከ350 ቃል አይበልጥም። የቤተሰቡን ታሪክ ከአራቱ በአንዱ ብቻ ተጠቀሙበት። ሌሎቹ ኮሌጆች በሚጨምሯቸው አጫጭር ጥያቄዎችም ያንኑ ታሪክ አትድገሙ፤ አንድ ሰው ሁሉንም በተከታታይ ነው የሚያነበው። የእቁቧ ልጅ ስለ ማኅበረሰቧ ብትጠየቅ ደረሰኙን ትታ ሴቶቹ ከእቁቡ በኋላ ተቀምጠው ስለ ሥራ ቦታቸው የሚያወሩትን ትጻፍ፤ ከዋናው ድርሰት ከተቆረጠው 350 ቃል ውስጥ ይህ ሳይኖር አይቀርም። የቆረጣችሁትን አታጥፉት፣ በሌላ ፋይል አስቀምጡት። ከዚያ ቀድታችሁ ስትለጥፉ ግን የኮሌጁን ስም ሁለት ጊዜ አንብቡ።